ነጠላ ሲጋራ የተወደደበት ጾም

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾም ገባ። በጠዋት ሱቁን ከፍቼ ሽሮውንና የሱፍ ዘይቱን ወደ ፊት አወጣሁ፣ እንቁላሉን ወደ ጓዳ መለስኩ። ይህን ደብተር ያወጣሁት ግን ስለ ጾሙ አይደለም። አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል፤ ያልገባኝን ነገር ደግሞ ጽፌ ካላየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ታክሱ ከተጨመረ ወዲህ የአንድ ነጠላ ሲጋራ ዋጋ በእጥፍ ዘለለ። ነጠላ መሸጥ ክልክል መሆኑን አውቃለሁ። ኮልፌ ውስጥ ሙሉ ፓኮ የሚገዛ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሁላችንም ከባንኮኒ በታች ፈትተን እንሸጣለን። የጠበቅኩት ትልልቆቹ ሲያጉረመርሙ፣ የትምህርት ቤት ልጆቹ ደግሞ አንዱን ለሁለት ሲካፈሉ ለማየት ነበር። ትልልቆቹ እንዳልኩት አጉረመረሙ፤ መግዛቱን ግን አልተዉም። ልጆቹ ጠፉ። ሲጋራ ሊገዛ አንድም ልጅ አይመጣም። ለአፍ ሽታ ብለው ከሲጋራው ጋር የሚወስዱት ሚንት ማስቲካም ሳይነካ ተቀምጧል።

ደንበኛ ሱስ የያዘውን ነገር እንዲሁ አይተውም፤ ቦታ ይቀይራል እንጂ። ታችኛውን ሱቅ ጠየቅኩ። እዚያም የሉም። ታዲያ የት ሄዱ?

ደስ የሚል ነገርም አለ። ከሰዓት በኋላ ስምንት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መስኮቴ ላይ ተሰለፉ። ልጄ ፀሎትም መሀላቸው ነበረች።

«እትዬ ብርቅዬ፣ ዕቁብ ልንጀምር ነው። ዳኛ ይሁኑልን» አለኝ ኪዳን፣ የጎረቤቴ የእሙ ልጅ።

«የምን ዕቁብ?»

«የመመረቂያ ጃኬት። በየሳምንቱ ለአንዳችን እንዲደርስ።»

አባቴ ከቦንጋ ማር ይዞ መጥቶ ኮልፌ ሲቀመጥ መቋቋሚያ የሆነው ዕቁብ ነው። በዚህ ዘመን ልጆች ወደ ዕቁብ ሲመለሱ እንዴት ደስ አይለኝ? ሥርዓቱን አስተማርኳቸው። ሰኞ ሰኞ ይጣላል፣ ዕጣው እኔ ፊት ይወጣል፣ ዋስ የሌለው ዕጣ ውስጥ አይገባም። ፀሎት ለኪዳን ዋስ ሆነች። ለምን ለእሱ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ነገሬ የሚባለው ነጋዴ መጣ። ሲጋራ በጅምላ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ፊቱን ጥሎ ገባ።

«ብርቄ፣ ሲጋራ ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆመሽ አትቅሪ።» ከኪሱ ጣት የሚያህል ሮዝ ነገር አወጣ።

«ሊፕስቲክ መነገድ ጀመርክ?»

«ቬፕ ነው። ክብሪት አይፈልግ፣ አመድ የለው። የሐብሐብ ሽታ ነው ያለው። አስተማሪ ፊት ቢያጨሱት ፍራፍሬ በሉ ነው የሚባሉት።»

ወስጄ አገላበጥኩት። ቀላል ነው፤ ውስጡ ባትሪ አለ። ዋጋው ስንት ነው? ስንት ቀን ይቆያል? ማን ይገዛል? በየት ነው የሚገባው? እያልኩ ጠየቅኩት።

ዋጋውን ነገረኝ፤ የሚገባበትን ግን «ከላይ ነው የሚመጣው» ብሎ አለፈው።

«ከላይ የሚመጣው ዝናብ ነው።»

«አንቺ ደግሞ፣ ሸማች ነሽ መርማሪ?»

ሲሄድ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ድሮ ነጠላ ርካሽ ነበር፤ ይህ ነገር የሀብታም ልጅ ዕቃ ነበር። አሁን ሲጋራው ወደ ላይ ሲወጣ ይኸኛው ባለበት ቆሞ ጠበቀው። አንዱን ለብዙ ከተካፈሉት እንዲያውም ከሲጋራው ይረክሳል። ታክሱ የሚያገኘው በበር የሚገባውን ዕቃ ነው። ቬፕ መሸጥ ጭራሽ ክልክል ስለሆነ በአጥር ዘሎ ይገባል፤ ታክስ የሚባል አያውቅም። የመንግሥት ሰው ይህን አስቦት ይሆን? እኔ በአንድ ከሰዓት ደረስኩበት።

አልወሰድኩለትም። ለጽድቅ ብዬ አይደለም። የተከለከለ ዕቃ ቢበላሽ ለማን ይመለሳል?

የካቲት 24፣ ሰኞ

ተጣድፌያለሁ። የመጀመሪያው ዕጣ ወጣ። ለክርስቲያን ደረሰው፤ ረጅሙ ልጅ፣ የኳስ ቡድናቸው በረኛ። ሰባቱ ጀርባውን እየመቱ ጨፈሩ። ኪዳን «የኔ ለፈተና ሰሞን ቢደርስ ይሻለኛል፣ ጭንቀት ስላለ» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

ጃኬት ለጭንቀት ምን ያደርጋል? ልጠይቅ ብዬ ዘይት የሚገዛ መጣና ተውኩት።

የካቲት 30፣ እሑድ፣ ምኩራብ

ጌታ ነጋዴዎቹን ከቤተ መቅደስ ገርፎ ያስወጣበት ወንጌል የሚነበብበት ቀን ነው። በየዓመቱ ይህን ሲያነቡ ጆሮዬ ይግላል። እሙ ከጎኔ ቆማ በክርኗ ነካ አደረገችኝና «ዛሬ ያንቺ ቀን ነው» አለችኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቄን ዋጥኩ።

እሙ ቆሼ ቆሻሻ መጣያው አካባቢ ከሚለቅሙ ልጆች ፕላስቲክ ጠርሙስ ትገዛና ለፋብሪካ ታስረክባለች። ኪዳንን ያሳደገችው በዚያ ነው። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ነገረችኝ።

«ሰሞኑን ልጆቹ ከሚያመጡልኝ ጠርሙስ መሀል ባለቀለም ትንንሽ ነገር በዛ። ሮዝ፣ ሰማያዊ። ፕላስቲክ ነው ስል ውስጡ ባትሪ አለ። ትናንት አንዱ መዶሻ ቢያሳርፍበት ጨሰ። ምንድነው እሱ፣ አንቺ ነጋዴ ነሽ?»

«እኔ እንጃ» አልኳት።

አውቅ ነበር። ለምን እንዳልነገርኳት እያሰብኩ ነው። ብነግራት የት አየሽው ትለኛለች፣ ከዚያ የነገሬ ስም ይነሳል፣ ከዚያ ከባንኮኒ በታች ያለው ሲጋራ ይነሳል። እንደዚያ ይመስለኛል።

ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ቆሼ የሚደርሰው ያለቀ ዕቃ ነው። ቆሼ ከበዛ ኮልፌ ሞልቷል ማለት ነው።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ ተክለማርያም በምሳ ሰዓት ሱቄ ድረስ መጡ። በወላጅ ኮሚቴ አብረን ነን። ፊታቸው በርቷል።

«ወይዘሮ ብርቅዬ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ አንድም የሲጋራ ቁራጭ ጠፋ! ጽዳቶቹ ራሳቸው ተገርመዋል። እኛ በዓመታት ምክር ያላደረግነውን ታክሱ አደረገው።»

«ደስ ይላል።»

«ለወላጆች ስብሰባ እናገረዋለሁ። እርስዎም ነጋዴ ነዎት፣ ከሱቅ በኩል ይመስክሩልኝ። ተማሪ ሲጋራ መግዛት አቁሟል አይደል?»

«አቁሟል» አልኩ። ውሸት የለበትም።

ሲሄዱ ከኋላቸው አየኋቸው። ደስተኛ ሰው ናቸው። ያልጠየቁኝን ለምን እመልሳለሁ?

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሳቅኩ። ልጆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ግድግዳዬን ተደግፈው ሰዓቱን ይጠብቃሉ። እኔ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስኳር እየመዘንኩ ነበር፤ የለሁም ብለው ነው የሚያወሩት።

«የወተት ጣዕም ያለው ጾም ያስገድፋል አይደል?»

«ጭስ ነው እንጂ ምግብ ነው እንዴ?»

«ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው።»

«እንፋሎት ከሆነማ ጠበል ነዋ!»

«አንተ፣ አታሹፍ። ለማንኛውም ሐብሐቡ የጾም ነው፣ የወተቱ ለፋሲካ ይቆየን።»

ሁሉም ሳቁ። ከሳቆቹ አንዱን የማውቀው መሰለኝ። ስኳሩን ደግሜ መዘንኩት።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ፀሎት ስትስመኝ ሐብሐብ ሸተተችኝ። «የከንፈር ቅባት ነው» አለች። ኋላ ቦርሳዋን ከወንበር ሳነሳ ቅባቱን አየሁት። ከፍቼ አሸተትኩት። ተራ ቫዝሊን ነው።

የበርበሬ ዋጋ ጨምሯል። ነገ ወደ አስኮ ወርጄ አስፈጭቼ መመለስ አለብኝ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፍ።

የስምንቱ ልጆች ዕቁብ ሲደመር ልክ ነገሬ የነገረኝ የአንድ ቬፕ ዋጋ ነው። ሳንቲም አይተርፍም፣ አይጎድልም። ይህን የደመርኩት ዛሬ ነው ልበል? ቁጥር ከእጄ ሳይወጣ በፊት የሚገባኝ ሰው ነኝ። የደመርኩት ዛሬ ነው፤ የገባኝ መቼ እንደሆነ ግን አልጽፍም።

ጃኬት የለም። ሰኞ ዕጣ የወጣለት ልጅ ይገዛል፣ ሳምንቱን ሙሉ እሱ ይይዘዋል፣ ሰባቱ በተራ ይስባሉ። ሲያልቅ የሚቀጥለው ሰኞ ይመጣል። ብልሃቱን ሳስበው ጥበቡ አስደነቀኝ። ብቻውን የማይችለውን ሰው ዕቁብ ያስችለዋል፤ እኔ አይደለሁ እንደዚያ ብዬ ያስተማርኳቸው? አንድ አፍ ላይ ስምንት ሰው። ዋስ ያቆምኩላቸው እኔ፣ ዕጣ የማወጣላቸው እኔ።

ልጆቹ ማታ ሲመጡ ላቆመው አስቤ ነበር። ግን ዕቁብ መሀል ላይ አይፈርስም። የደረሳቸው አሉ፣ ያልደረሳቸው አሉ። ባፈርሰው ያልደረሳቸው ይከስራሉ፣ ነገሩም ሰፈር ይሰማል። ቢያንስ ዙሩ ይጨረስና ሁለተኛ አይጀመርም ብዬ ወሰንኩ። ፀሎት ፊቴን እያየች ነበር። ያወቅኩ እንደሆነ ልታውቅ ትፈልጋለች። ፊቴን እንደ ገበያ ፊት አደረግኩት።

የዕጣውን ጣሳ ነቀነቅኩ። ለኪዳን ወጣ።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ኪዳን ተያዘ። ጠዋት በር ላይ ፍተሻ ነበር። ቬፑ ካልሲው ውስጥ ነበር።

አቶ ተክለማርያም የማን ነው ሲሉት «የእኔ ነው» ብሏል። ከማን ጋር ሲሉት፣ «ብቻዬን።»

ዓርብ ኮሚቴ ይቀመጣል። ደንቡ ማባረር ነው። ከተባረረ ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተና አይቀመጥም።

እሙ እየሮጠች መጣች። ባዶ እግሯን ነው።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

እሙ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች። አንቺን ይሰሙሻል፣ ኮሚቴ ውስጥ ነሽ፣ ለምኚልኝ አለች። እለምናለሁ አልኳት። ከዚያ ዕንባዋን ጠረገችና፣

«ያን እሑድ ጠይቄሽ እኔ እንጃ ብለሽኝ ነበር። እውነት አታውቂውም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። «ብትነግሪኝ እኮ ቤቴ ገብቼ የልጄን ኪስ አይ ነበር፣ ብርቅዬ። ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር» ብላ ወጣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሲመሽ ፀሎትን ጠራኋት። እንደ ዕቃ ነው የጠየቅኳት፤ ሌላ መጠየቂያ አላውቅም። መቼ ጀመራችሁ? ሲጋራ ሲወደድ ነው?

«እነ ክርስቲያን አዎ። ሲጋራ ሲወደድባቸው ነው ወደዚህ የመጡት። ሦስት ናቸው።»

«ሌሎቻችሁስ?»

«እኛ ሲጋራ አጭሰን አናውቅም፣ እማ። ሲጋራ ይሸታል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። ይኸኛው ሐብሐብ ነው። ሦስቱ ሲገዙ ዋጋው ከበዳቸውና ሰው ጨምሩ ተባለ። እኔና ኪዳን እንደዚያ ገባን።»

ይህን ደጋግሜ አሰብኩት። እኔ የጠፉትን ደንበኞች ስፈልግ ነበር። ሦስቱ ቦታ ቀየሩ፤ ያ ገብቶኝ ነበር። አምስቱ ግን ከየትም አልመጡም። ደንበኛ አልነበሩም። አዲስ ናቸው።

«ነገ እኔም ነኝ ብዬ ልናገር» አለች።

«አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ። እኔ አግባብቼ እጨርሰዋለሁ።»

«እንዴት? ኪዳን ብቻውን ይበላው ብለሽ? ዋሱ እኔ ነኝ። ዋስ ማለት አብሮ መውደቅ ነው ያልሽን አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ ነገር ትይዛለች። ከእኔ ነው የወሰደችው።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ገና አሁን ተቀመጥኩ። እንደሆነው ልጻፈው።

የስብሰባው ክፍል ውስጥ ሰባት ነበርን። ኪዳን ግድግዳው ጋ ቆሟል፤ እሙ አጠገቡ። አቶ ተክለማርያም ቬፑን በነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጠውታል፣ እንደ ሞተ አይጥ።

«ልጁ የእኔ ነው ብሎ አምኗል። ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ።

«የእሱ ብቻ አይደለም» አልኩ። «የስምንት ሰው ዕቁብ ነው።»

«እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

«ዳኛዋ እኔ ነኝ።»

ከጥግ የተቀመጠ አንድ አባት «የምን ዳኛ? ፍርድ ቤት ገባን እንዴ?» ሲል አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቋን ግን አልጨረሰችውም። ነገርኳቸው። ብሩ በእኔ እጅ እንደሚጣል፣ ዕጣውን ሰኞ እኔ እንዳወጣሁ፣ ለምን እንደሆነ አውቄ እንዳወጣሁ። ለተማሪ ነጠላ ሲጋራ እሸጥ እንደነበርም ጨመርኩ፤ እሱን ማንም አልጠየቀኝም።

አቶ ተክለማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲጋራ ቀርቷል ብለውኝ ነበር።»

«ሲጋራው ቀርቷል። ልጆቹ ናቸው ያልቀሩት።»

«የስምንቱን ስም ይንገሩን።»

«አንዷን እነግርዎታለሁ። ፀሎት ትባላለች፣ ልጄ ናት። የሌሎቹን አልናገርም፤ በር ላይ ቆመዋል።»

ይህን እኔም ያወቅኩት ስገባ ነው። ፀሎት በጠዋት አንድ በአንድ ሰብስባቸዋለች። ቀልደኛው አባት ተነስቶ በመስኮት አየ። ሲመለስ ወንበሩን አጥቶት ነበር፤ ሴትየዋ ስባ ሰጠችው። ክርስቲያን የእሱ ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ንግድ ነው። አንዱን ካባረሩ ስምንቱንም ማባረር ግድ ነው አልኳቸው፤ ዕቃው የጋራ ነው። ስምንት ልጅ ከፈተና ካወጡ ደግሞ ለወላጆች ስብሰባ ምን ዜና ይዘው ይቆማሉ? ደግሞስ ሌላ ዕቁብ የለም ብለው ይምላሉ? አቶ ተክለማርያም ቬፑን በወረቀቱ ጠቅልለው ወደ ጎን ገፉትና ውሳኔውን ጻፉ።

ስምንቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ አንድ ሳምንት ከቤት፤ ከዚያ በወላጅ ፊርማ ይመለሳሉ፤ ፈተና ይቀመጣሉ። እኔ ከወላጅ ኮሚቴ ወጣሁ። ተማሪ ከእኔ ሱቅ እንዳይገዛ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ለወረዳም ይጻፋል። ልክ ነው አልኩ። እኔም ብሆን ያንኑ እፈርድ ነበር።

ስንወጣ እሙ አላናገረችኝም። ኪዳን ከእሷ በቁመት ይበልጣል፤ እጁን እንደ ሕፃን ይዛ ነው መንገድ ያሻገረችው።

መጋቢት 21፣ እሑድ፣ ገብር ኄር

ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆምኩ። እሙ ከፊት። ፀሎት መሀል ላይ፣ ብቻዋን።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ከወረዳ መጡ። ከባንኮኒ በታች ያለውን ራሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቅጣቱ በጽሑፍ ይመጣል አሉ። አንድ ፓኮ ብቻ ከጓዳ መደርደሪያ ላይ ቀርቶ ኖሮ ከሄዱ በኋላ አየሁት።

ፀሎት ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። መጽሐፍ ይዛ አንድ ገጽ ላይ ትቆያለች። «ለመተው ሳምንት አይፈጅም ብለውን ነበር፣ ሱስ የለውም ብለውን ነበር» አለች። ማን እንዳላቸው ጠየቅኩ። ትከሻዋን ነቀነቀች።

ነገሬ ደወለ። ስልኩን አላነሳሁም።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

ጠዋት ሱቁ ጭር ብሎ ነበር። ተማሪ አይመጣም፤ ትልልቆቹም ነጠላ የለም ሲባሉ ወደ ታችኛው ሱቅ ወረዱ። ምስር ሰፌድ ላይ አፍስሼ ጠጠር እየለቀምኩ ሳለሁ መስኮቱ ጨለመ። ኪዳን ነው።

«እትዬ ብርቅዬ፣ አንድ ነጠላ ይስጡኝ።»

«ሲጋራ ታጨስ ነበር እንዴ?»

«አላጨስም ነበር።»

«ታዲያ?»

እጁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋው። ጣቶቹ በራሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። «ያኛው የለም። ሌላ ምን አለ?»

«ውድ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።» ብሩን አስቀመጠ። ልክ የነጠላውን ዋጋ፤ ያጠናው ይመስላል።

ፓኮዋ ጓዳ መደርደሪያ ላይ ናት። ይህን ልጅ እኔ ብከለክለው ታችኛው ሱቅ አይከለክለውም። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ አእምሮዬ እንደዚህ ነው የሚሠራው። ታክሱ ሦስቱን ከሲጋራ አስወጣ፤ አሁን ደግሞ ሲጋራ የማያውቀው ልጅ ሊገባ መስኮቴ ላይ ቆሟል።

«በጎን ዙርና ግባ» አልኩት። «እዚህ ተቀመጥ። ጠጠሩን ልቀም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ልቀም። እጅህ ሥራ ይያዝ።»

ተቀመጠ። መጀመሪያ ምስሩን ከጠጠሩ ጋር ነበር የሚጥለው። ስሜቱ ምን እንደሚመስል ጠየቅኩት፤ ለማወቅ ስለፈለግኩ ነው። እንደ ረሃብ ነው? አይደለም አለ። እንደ ማስነጠስ ነው፤ መጣ መጣ ይልና ይቀራል፣ ከዚያ ደግሞ ይመጣል። ሲመጣ ስንት ያህል ይቆያል? «ሰው እያናገረኝ ከሆነ ትንሽ» አለ። ስለዚህ ዝም ብዬ አናገርኩት። ስለ በርበሬ፣ ስለ አባቴ ማር፣ ስለ ሒሳብ ፈተና።

እሙ ጠርሙስ የሞላ ከረጢት ተሸክማ በበሩ ስታልፍ አየችን። ቆመች። ኪዳን ቀና አላለም። ከረጢቱን ደጃፉ ላይ አወረደች፣ ገባች፣ እኔን ሰላም ሳትል ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ባንኮኒው ላይ ያለውን ብር አየች፤ ምን እንደሆነ ገባት። የማን እንደሆነም ገባት። እኔንም አየችኝ።

ሰፌዱን ትንሽ ወደ ራሷ ሳበችና ከሌላኛው ጫፍ መልቀም ጀመረች።

ምስሩ ሲያልቅ ሌላ ኪሎ አፈሰስኩ። ብሩ እስክዘጋ ድረስ እዚያው ነበር፤ ማናችንም አላነሳነውም።